2,147,483,647 ምንድን ነው?

ጎንደር ላይ ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት፣ የተማረ ሰው የ2018 ዓ.ም.ን በዓላትና አጽዋማት ለማውጣት 5,500 ላይ 2,018 ደምሮ 7,518ን ለ19 ይገድፋል፤ ማለትም አካፍሎ ቀሪውን ይይዛል። ድርሻው 395 ነው፤ እርሱን ይተወዋል። የሚፈልገው ቀሪውን 13ን ነው፤ መደቡ እርሱ ነውና። አንድ ቀንሶ ወንበሩን 12 ይላል፤ በዓላቱ የሚወጡባቸው ቁጥሮች፣ አበቅቴውም መጥቅዑም፣ ከወንበሩ ይወጣሉ። ድርሻን ትቶ ቀሪን መያዝ የለመደ ሰው በርዕሱ ላይ ያለውን ቁጥር ለመረዳት ከብዙዎቻችን ይቀድማል።

2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። 19ም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ የሚገኘው 31 ሁለቶችን አባዝቶ ከውጤቱ 1 በመቀነስ ነው። እንዲህ የሚገኙ ብቸኛ ቁጥሮች በፈረንሳዊው መነኩሴ በማረን መርሰን ስም ይጠራሉ።

ብቸኛነቱን በ1772 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው። ተራው መንገድ ከ46,340 በታች ባሉት ከ4,700 በሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ ማካፈል ነበር። ኦይለር ግን ብቸኛ ቁጥር የሆነ አካፋይ ቢገኝለት፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲገደፍ ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን እንዳለበት አስቀድሞ አወቀ። ሊፈተሹ የሚገባቸው ቁጥሮች ወደ 370 ገደማ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከዚህ የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር አልታወቀም።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ጠባዩ ነው። ወረቀት ይያዙና በ19 ይጀምሩ። ከ1 ተነሥተው በ2 እያባዙ ለ19 ይግደፉ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 13፣ 7፣ 14፣ 9፣ 18፣ 17፣ 15፣ 11፣ 3፣ 6፣ 12፣ 5፣ 10፣ 1። ከ1 እስከ 18 ያሉት ሁሉ፣ አንዱም ሳይደገም፣ መጥተው ዙሩ ገጠመ። በ19 ፋንታ 20ን ቢወስዱ ግን በየትኛውም ቁጥር ቢያባዙ ሁሉንም አያዳርሱም። በ3 ቢያባዙ 3፣ 9፣ 7፣ 1 ብሎ ያበቃል። ሙሉ ዙር የብቸኛ ቁጥሮች ሀብት ነው።

ለትልቁ ቁጥር ከሚስማሙት አባዦች አንዱ 16,807 ነው። ከ1 ሲነሡ 16,807፣ ከዚያ 282,475,249፣ ከዚያ 1,622,650,073 እያለ፣ ወደ 1 ከመመለሱ በፊት 2,147,483,646 ቁጥሮችን ያዳርሳል። ዐይን ቅደም ተከተሉን ስለማይለይ የኮምፒውተር ባለሙያዎች እንደ ዕጣ ያሉ ቁጥሮችን ለማውጣት ለብዙ ዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል። ቁጥሩ ራሱም በ31 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚይዙ 31 ቦታዎች፣ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ስለሆነ ለማሽኑ ይመቻል። ለባንክ ምስጢር ግን አይሆንም፤ አንዱን ቁጥር ያየ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ በ16,807 አባዝቶ፣ ለ2,147,483,647 ገድፎ፣ የሚቀጥለውን በእርሳስ ያወጣዋል።