የፒትስበርግ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናትና መቃብሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፔንስልቬንያዋ ፒትስበርግ ስሟ የገነነው በብረትና በከሰል ነው። በየኮረብታዋ ስላሉት ትልልቅ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናትና በአካባቢው ስላሉ መቃብሮች ግን ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«የፋብሪካ ባለቤቶች ያሠሯቸው ናቸው»

በፍጹም። ግዝፈታቸውን ላየ ሰው የሀብታም ሥራ ቢመስለው አይፈረድበትም። ፖሊሽ ሂል ሰፈር ያለውን ንጹሕ ልበ ማርያምን እንውሰድ። የሮሙን ቅዱስ ጴጥሮስ እንዲመስል ታስቦ የተሠራና በ1905 የተመረቀ ነው። ገንዘቡን ያዋጡት ከፖላንድ የመጡ ስደተኛ ሠራተኞች ናቸው፤ ከደመወዛቸው ቀንሰው። ጉልበታቸውንም ሰጥተዋል። የእነሱን ላብ ለሌላ ሰው መስጠት ግፍ ነው።

«ውስጣቸው ያለው ያው የተለመደው የቅዱሳን ሥዕል ነው»

እንዲህ የሚል ሰው ፒትስበርግ አጠገብ ሚልቬል የሚገኘውን የክሮአቶች (ከክሮኤሺያ የመጡ ስደተኞች) ቅዱስ ኒኮላስ አላየም። ቄሱ አልበርት ዛጋር፣ ማክሶ ቫንካ የተባለ የክሮኤሺያ ተወላጅ ሠዓሊ ጠርተው ግድግዳውን ሰጡት። በ1937 ጀመረ፣ በ1941 ተመልሶ ቀጠለ። ማርያም አለች፤ እጆቿ ግን ሥራ ያጠነከራቸው የገበሬ ሴት እጆች ናቸው። በአንዱ ሥዕል እናቶች የሞተ ሠራተኛ ልጅ ከበው ያለቅሳሉ። በሌላው ባለ ረጅም ባርኔጣ ከበርቴ ብቻውን ገበታ ቀርቦ የአክሲዮን ዜና ያነባል፤ ለማኝ ከፊቱ ወድቋል። ኢፍትሐዊነትን የምትወክል፣ የጋዝ ጭንብል ያጠለቀች ሴትም አለች። ሚዛኗ ላይ ወርቁ ከዳቦው ይከብዳል። ምእመናኑ ሲያስቀድሱ የሚያዩት የራሳቸውን ኑሮ ነበር። ከዚህ የበለጠ ደፋር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አላውቅም።

«የሽንኩርት ቅርጽ ያለው ጉልላት ካለው ኦርቶዶክስ ነው»

የግድ አይደለም። በምሥራቅ አውሮፓ ካሉት የካርፓቲያ ተራሮች የመጡት ሩሲኖች ብዙዎቹ የባይዛንታይን ሥርዓት ያላቸው ካቶሊኮች ናቸው። ቅዳሴያቸው የምሥራቅ፣ ኅብረታቸው ግን ከሮም ጋር ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የኢትዮጵያ ካቶሊኮችም በግዕዝ ሥርዓት ይቀድሳሉ። ታዋቂው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ያደገው በዚህ ሥርዓት ነው። በ1987 ሲሞት የተቀበረውም ቤተል ፓርክ በሚገኘው የባይዛንታይን ካቶሊኮች መቃብር ነው።

«ስም የሌለው መቃብር ዘመድ የረሳው ነው»

ዲሴምበር 19 ቀን 1907 «ዳር» በተባለው የከሰል ማዕድን በደረሰ ፍንዳታ 239 ሰዎች አለቁ። ብዙዎቹ ሀንጋሪያውያን ነበሩ። በኦሊቭ ብራንች መቃብር 71ዱ በአንድ ጉድጓድ ተቀብረዋል፤ የ49ኙ ማንነት አልታወቀም። ሬሳው ካልተለየ ዘመድ ምን ያድርግ? በአሮጌው የጁልያን አቆጣጠር ዕለቱ የቅዱስ ኒኮላስ በዓል ስለነበር፣ ሥራ ቀርተው ቤተ ክርስቲያን የሄዱ የምሥራቅ ሥርዓት ተከታዮች ተርፈዋል።

«ቅርስ ከተባለ አይፈርስም»

ይፈርሳል። በ1894 የተመሠረተው፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የክሮአቶች ደብር፣ በሰሜኑ የከተማዋ ክፍል የራሱ ቅዱስ ኒኮላስ ነበረው። ከተማዋ በቅርስነት መዝግባው ነበር፤ በ2013 ግን ፈረሰ። ሎረንስቪል ያለው መጥምቁ ዮሐንስ ደግሞ ሕንፃው ተርፎ ከ1996 ጀምሮ ቢራ እየጠመቀ የሚሸጥ ሬስቶራንት ሆኗል። ሚልቬል ላይ ሥዕሎቹን የሚንከባከብ ማኅበር ተቋቁሞ እያስጠገናቸው ነው፤ ጎብኚዎችንም ያስጎበኛል።