«ሰዓቴን ማን ያየዋል?» ውድ ሰዓት ይዞ ስለመጓዝ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አውሮፓ ሊሄድ የተሰናዳ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። ሻንጣው ተዘግቷል፣ ፓስፖርቱ ኪስ ገብቷል። መጨረሻ ላይ አንዱ «ሰዓቱንስ ምን ልታደርገው ነው?» ይላል። ከዚያ በኋላ ሁሉም አዋቂ ነው። አንዱ ካልሲ ውስጥ ጠቅልለው ይላል፣ ሌላው ሆቴሉ ካዝና አለው ይላል፣ ሦስተኛው ኢንሹራንስ እያለህ ምን አስጨነቀህ ይላል። ብዙ ጊዜ የምሰማቸውን እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሌባ በአጋጣሚ ነው የሚመጣው። ከሺህ ሰው መሀል እኔን ምን ብሎ ይመርጠኛል?»

ስልክ ሞጭላፊ ያገኘውን ይነጥቃል። የሰዓት ሌባ ግን ዕቃ ያውቃል። ሚላኖ፣ ባርሴሎናና ለንደን ውስጥ ሥራው ብዙውን ጊዜ በቡድን ነው። አንዱ ካፌ በረንዳ ወይም ሆቴል ደጃፍ ላይ ሆኖ የሰው እጅ ያያል፣ ሌላው ይከተላል፣ ሌላው ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል። እናንተ ቡናችሁን ስትጠጡ ዋጋው ተተምኖ አልቋል።

የፌራሪው የፎርሙላ 1 መኪና ተወዳዳሪ ሻርል ለክለር በ2022 እ.ኤ.አ. ቪያሬጆ በምትባል የጣሊያን ከተማ አድናቂ መስለው «አንድ ፎቶ» ብለው የተጠጉት ሰዎች ሪቻርድ ሚል የተባለውን እጅግ ውድ ሰዓቱን ወስደውበታል። በዓመቱ የያኔው የቡድን ጓደኛው ካርሎስ ሳይንዝ ሞንዛ ላይ በተደረገው ውድድር 3ኛ በወጣበት ዕለት ማታ ሚላኖ ውስጥ ሰዓቱን ተነጠቀ። ሳይንዝ ሮጦ፣ ሰውም አግዞት ሌቦቹ ተያዙና ሰዓቱ ተመለሰ። ይህን ግን አደራ እንዳትኮርጁ። እሱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ለመንዳት የሰለጠነ አትሌት ነው፤ ቢላዋ ያለውንና የሌለውን ደግሞ ሮጦ ካልደረሰ ማንም አያውቅም።

«እነሱ ታዋቂ ስለሆኑ ነው» የሚል አይጠፋም። የሰዓት ሌባ ግን ፊት ሳይሆን እጅ ነው የሚያየው። ስለዚህ ትልቁ መከላከያ አሰልቺ ነው፦ ረጅም እጅጌ። ከዚያ ቀጥሎ፣ ሰዓቱንና የሆቴሉን ስም በአንድ ፎቶ አድርጎ እዚያው እያሉ አለመለጠፍ። ፎቶው አገር ቤት ከተመለሱ በኋላም ያምራል።

«ቀማኛ ያለው ጨለማ ሰፈር ነው። መኪና ውስጥ ማን ይነካኛል?»

ናፖሊ ውስጥ በጣም የታወቀ ዘዴ አለ። ቀን ነው፣ ሙቀት ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው። መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ይንፏቀቃል። አንድ ሞተር በግራ በኩል ሲያልፍ ስፖኪዮውን መታ አድርጎ ያጥፈዋል። ሹፌሩ ይሳደብና ግራ እጁን አውጥቶ ስፖኪዮውን ሊያስተካክል ይዘረጋል። ብዙ ሰው ሰዓት የሚያስረው በግራ እጁ ነው። ሁለተኛው ሞተር ከኋላ የሚደርሰው ይሄኔ ነው። እኛ ጋ የሚሰረቀው ስፖኪዮው ራሱ ነው፤ እነሱ ጋ ማጥመጃ ሆኗል። ቃሉንም የወሰድነው ከነሱ ነው። ለማንኛውም መስኮት ዝጉ። ስፖኪዮው ከታጠፈ ከውስጥ በቁልፉ መልሱት፣ ቁልፍ ከሌለው ደህና ቦታ እስክትቆሙ ይቆይ።

ባርሴሎናና ለንደን ደግሞ ማቀፍ አለ። አንዲት ሴት ፈገግ ብላ ትመጣለች። አቅጣጫ ትጠይቃለች፣ ወይም ወረቀት ላይ ፈርሙልኝ ትላለች፣ ከዚያ ለምስጋና ብላ እቅፍ ታደርጋለች። እጇ ከእጃችሁ ሲላቀቅ ሰዓቱም አብሮ ተላቋል። ስፔን ውስጥ በተለይ ሽማግሌዎችን ይመርጣሉ። ሦስት አራት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ ለሚሳሳም ሕዝብ ይህ ከባድ ፈተና ነው። እናትና አባታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ስልክ በእጁ ይዞ «ስንት ሰዓት ነው?» የሚላችሁ ሰውም ሰዓቱን አጥቶት አይደለም።

«ማሰሪያው ብረት ነው፣ አይበጠስም»

ብረቱ አይበጠስ ይሆናል። ማሰሪያውን ከሰዓቱ ጋር የሚያያይዙት ግን ሁለት ቀጫጭን ባለስፕሪንግ ፒኖች ናቸው፤ ብዙዎቹ ውፍረታቸው 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ጣት ከስር አስገብቶ በኃይል ለሚጎትት ሰው ቀድመው የሚለቁት እነሱ ናቸው።

«ሆቴሉ ካዝና ስላለው ሐሳብ የለም»

ካዝናው ከምንም ይሻላል፤ ግን የእናንተ ብቻ አይደለም። እንግዳ ኮዱን ሲረሳ ሆቴሉ ይከፍተዋል አይደል? የሚከፍተው በሌላ ኮድ ወይም ቁልፍ ነው። አንዳንድ ቦታ ይህ ኮድ ከፋብሪካ እንደመጣ ሳይቀየር ይቀራል። የካዝናውን በር ቆልፋችሁ ዜሮን ስድስት ጊዜ ጫኑ፤ ከተከፈተ ያው ነገሩ ግልጽ ነው። አንዳንዱን ትንሽ ካዝና ደግሞ ነቅነቅ ብታደርጉት ከቁምሳጥኑ ጋር በብሎን እንኳ አልታሰረም።

ከተሰረቀ ሆቴሉ ይክፈለኝ የሚለውም ብዙ አያስኬድም። እንግሊዝ ውስጥ በ1956 የወጣው የሆቴል ባለቤቶች ሕግ የሆቴሉን ተጠያቂነት ለአንድ ዕቃ 50 ፓውንድ፣ ለአንድ እንግዳ በጠቅላላ 100 ፓውንድ ላይ እንዲገድብ ይፈቅድለታል። ገደቡ የማይሠራው ጥፋቱ የሆቴሉ ወይም የሠራተኞቹ ሲሆን፣ ወይም ዕቃውን በአደራ አስቀምጡልኝ ብላችሁ ስትሰጧቸው ነው። ስለዚህ በጣም ውድ ሰዓት ከሆነ ወደ እንግዳ መቀበያው ይዛችሁ ውረዱ፣ በአደራ ስጡ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ሌባው ደግሞ ሁልጊዜ ሌላ ሰው አይደለም። የአጎቴ ልጅ ሰዓቱን ካዝና ውስጥ ትቶ ወጥቶ ትዝ ያለው አየር ማረፊያው ሲታይ ነበር። አሁን ከሰዓቱ ጋር አንድ እግር ጫማ ካዝናው ውስጥ ይቆልፋል። በአንድ እግር ጫማ ማንም ታክሲ አይጠራም።

«ሻንጣ ውስጥ ልብስ መሀል ብደብቀው ማን ያገኘዋል?»

ለአየር መንገድ በምታስረክቡት ሻንጣ ውስጥ በፍጹም። ብዙ አየር መንገዶች በውላቸው ላይ ጌጣጌጥና ውድ ዕቃ እዚያ አታስገቡ ብለው ጽፈዋል። ሻንጣው ቢጠፋ እንኳ የአየር መንገዶችን ተጠያቂነት በሚወስነው ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት የሚከፈለው ጣሪያ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስ ዲ አር (የዓለም ገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፤ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ። ፍተሻው ላይም ሰዓቱን ፕላስቲክ ሳህን ላይ ብቻውን አታስቀምጡት። ሰልፉ ሳይደርሳችሁ አውልቃችሁ የእጅ ቦርሳችሁ ዚፕ ውስጥ ክተቱት። እናንተን ቆም በሉ ሲሏችሁ ሳህኑ ወዲያ ማዶ ባለቤት የለውም።

«ለጉዞ ፌክ አደርጋለሁ»

ቀማኛው ፌክ መሆኑን የሚያውቀው ከነጠቀ በኋላ ነው። የታመመው እጅ የእናንተው ነው። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ የተገኘ ሰው እስከ 7,000 ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። ርካሽ ግን እውነተኛ ሰዓት ማድረግ ምን ነውር አለው? ካሲዮ ሰዓት አይናገርም እንዴ?

«ኢንሹራንስ አለኝ፤ ሰዓቱም ቁጥር ስላለው አይሸጥም»

የጉዞ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዕቃ የሚከፍለው ጣሪያ አለው፤ ጣሪያውም ከጥሩ ሰዓት ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። የፖሊስ ማስረጃም ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ። መዋኛ ዳር ፎጣ ስር ትታችሁት ከሄዳችሁ «ሳይጠበቅ የተተወ ዕቃ» ይሏችኋል። ሳትነሱ በፊት ውሉን አንብቡ፣ ሰዓቱን ለብቻው ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ የተሰረቀ ሰዓት ድንበር ተሻግሮ ይሸጣል። ቁጥሩ የሚጠቅመው ባለቤቱ ካወቀውና ካስመዘገበው ብቻ ነው። ለንደን ውስጥ ዋች ሬጂስተር የሚባል የጠፉና የተሰረቁ ሰዓቶች መዝገብ አለ፤ ነጋዴዎች ከመግዛታቸው በፊት እዚያ ያጣራሉ። አዳዲሶቹ ሮሌክሶች ላይ ቁጥሩ ከመስታወቱ ስር ባለው የውስጥ ቀለበት በ6 ቁጥር በኩል ተቀርጿል። በድሮዎቹ ላይ ግን ማሰሪያው ካልተፈታ አይታይም፤ ሰዓት ሠሪ ጋ ጎራ ማለት ያስፈልጋል። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት በጉምሩክ ቅጽ 4457 ብታስመዘግቡት፣ ስትመለሱ «የት ገዛኸው?» ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሆናችኋል።

የዋስትና ካርዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ካርዱና ሳጥኑ ግን ቤት ይቅሩ። ሰዓቱን ከነወረቀቱ ያገኘ ሌባ የሚሸጠው በውድ ነው።