የሶቪየቷ «መርዛማ» ጥይት፦ ስለ 5.45 የሚወራውና እውነታው

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1974 የእግረኛ ጦሯን ዋና ጥይት ከ7.62×39 ወደ 5.45×39 ቀየረች (የፊተኛው ቁጥር የአረሩ ውፍረት፣ የኋለኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፤ በሚሊ ሜትር)። አዲሱን የሚተኩሰው ክላሽ ኤኬ-74 ተባለ። ይሄው ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ፤ ወሬው ግን ገና ትኩስ ነው።

«ጥይቱ መርዝ አለው»

ስሙን ያወጡለት የአፍጋን ሙጃሂዲኖች ናቸው። መርዝ ግን የለውም፤ ጉዱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። አረሩን ለሁለት ሰንጥቃችሁ ብታዩት ላዩ ስስ ልባስ፣ መሃሉ የብረት ዘንግ፣ በዘንጉ ዙሪያ እርሳስ ነው። ጫፉ ላይ ግን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ አለ። ስለዚህ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሚዛኑን ቶሎ ይስትና ይገለበጣል። አሜሪካዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም ማርቲን ፋክለር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፈትሾታል፦ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደገባ መዞር ይጀምራል እንጂ አይፈነዳም፣ አይሰባበርም። ጥልቅ ቁስል ደግሞ በጊዜው ካልጸዳ ያመረቅዛል። ሐኪም በሌለበት ተራራ ላይ ለሚዋጋ ሰው ይህ መርዝ ቢመስለው አይፈረድበትም።

«አየር ላይም እየተገለባበጠ ነው የሚሄደው»

ኧረ በፍጹም። አየር ላይማ እንደ እንዝርት እየሾረ ቀጥ ብሎ ነው የሚበረው። የሚገለባበጥ አረር ኢላማውን አያገኝም።

«ያነሰው ከመግደል ይልቅ ማቁሰል ተፈልጎ ነው»

አንድ ቁስለኛ ሁለት ተሸካሚ ይፈልጋል የምትለዋ ወሬ ናት። የአሜሪካኑን የኤም-16 ጠመንጃ ጥይት፣ 5.56ንም አልማረችም። እውነተኛው ምክንያት ከዚህ የቀለለ ነው፤ ቃል በቃል። የድሮው ጥይት አንዱ 16 ግራም ይመዝናል፣ አዲሱ 11 እንኳ አይሞላም። የድሮውን 100 ጥይት በምትሸከምበት ጉልበት የአዲሱን 150 ትይዛለህ።

ፍጥነቱም በሰከንድ ከ715 ወደ 900 ሜትር አደገ። በዚህ የተነሳ ተኳሹ የሰው ደረት በሚያህል ኢላማ ላይ፣ ርቀት እየገመተ ማነጣጠሪያውን ሳይነካካ፣ እስከ 440 ሜትር ይመታል። የድሮውን 7.62 በሚተኩሰው በፊተኛው ክላሽ፣ በኤኬኤም፣ 350 ነበር። ለእኔ ግን ትልቁ ትርፍ የእርግጫው መቀነስ ነው። ሦስት ጥይት አከታትለህ ስትለቅ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሰማይ ሰማይ አይሉም።

«የኤም-16 ጥይት ኮፒ ነው»

ሐሳቡ፣ አዎ። ሶቪየቶች የተነሱት የአሜሪካን ትንሽ ጥይት አይተው ነው። ጥይቱን ግን ቪክቶር ሳቤልኒኮቭ የመራው ቡድን ራሱ ነደፈው። ቀለሁ 39 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአሜሪካኑ 45። አንዱ በሌላው ጠመንጃ አይተኮስም።

«ካላሽኒኮቭ ራሱ የጠየቀው ለውጥ ነው»

ጭራሽ! የክላሽ ፈልሳፊው ሚካኤል ካላሽኒኮቭ ለውጡን አልወደደውም፤ 7.62ቱን ማሻሻል ይቻላል ባይ ነበር።

«7.62 ወዲያው ተጣለ»

አልተጣለም። ድምፅ ማፈኛ የሚጠቀሙ ልዩ ኃይሎች የድሮውን ኤኬኤም አልለቀቁም። አነጣጥሮ ተኳሹና ፒኬ የሚባለው መትረየስ ደግሞ ከዛር ዘመን የመጣውን 7.62×54 መተኮሳቸውን ቀጠሉ። በአንድ ጦር ውስጥ ሁለት ዓይነት ክላሽ ሲኖር በጨለማ መምታታት ይመጣል። ለዚህም መላ ተበጀ፦ የኤኬ-74 ሰደፍ ግራና ቀኙ ላይ ቦይ አለው። ወታደሩ በጣቱ ዳብሶ ቦዩን ካገኘ፣ የያዘው 5.45 ነው።