የአሸዋ ማፈሻ፦ ከመርካቶ ላሜራ እስከ ውሃ ዳርቻ

የአሸዋ ማፈሻ ሜታል ዲቴክተር (ብረት ሲያገኝ የሚጮህ መሣሪያ) ይዘው በባሕርና በሐይቅ ዳርቻ የጠፋ ቀለበት፣ ሐብልና ሳንቲም የሚፈልጉ ሰዎች ዋና ዕቃ ነው። የአካፋንና የወንፊትን ሥራ አንድ ላይ ይሠራል፤ መሣሪያው ከጮኸበት ቦታ አሸዋውን ዝቆ ያወጣል፣ አሸዋው በቀዳዳዎቹ ይረግፋል፣ ጠጠሩና ብረቱ ይቀራል።

አዲስ አበባ ከባሕር የራቀች ደጋ ከተማ ናት፤ አገሪቱም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ቢሆንም ከፒያሳ ወርቅ ቤት የተገዛ የጋብቻ ቀለበት ላንጋኖ ሲዋኙ ከጣት ሊወልቅ ይችላል፤ ጅቡቲ፣ ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር ለሽርሽር የሚሄድም አለ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማና ድፍርስ ስለሆነ የወደቀውን በዐይን መፈለግ አይቻልም። ንጹሕ ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ የአሸዋ ቅንጣት ግን ከሦስት እጥፍ በታች ነው። ስለዚህ ቀለበቱ ማዕበል ባንቀሳቀሰው ቁጥር ወደ ታች እየሰመጠ ይሄዳል። በእጅ መዳፍ ብቻ የሚደረስበት አይደለም።

ማፈሻ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቀላል ነው ወይ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ችግሩ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ባዶው ዕቃ መሆኑ ነው። የአፉ ስፋት 15፣ ጥልቀቱ 22 ሴንቲሜትር የሆነ ክብ ማፈሻ እንውሰድ፤ ወደ 4 ሊትር ይይዛል። እርጥብ አሸዋ በሊትር ወደ 2 ኪሎ ስለሚመዝን ሙሉው 8 ኪሎ ይጠጋል። በሰዓት 30 ጊዜ የዛቀ ሰው 240 ኪሎ ገደማ አነሣ ማለት ነው። ከዚህ አጠገብ የዕቃው የራሱ ክብደት በ300 ግራም ቢቀንስ ወገብ የሚያድነው ጥቂት ነው። ወገብ የሚያድነው አሸዋውን ቶሎ የሚለቅ ማፈሻ ነው። ውሃ ውስጥ ሆኖ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲነቀነቅ አሸዋው ከውሃ ሳይወጣ ከረገፈ፣ ወደ ላይ የሚነሣው ጠጠርና ብረት ብቻ ይሆናል። በእኔ እምነት ቀላል ማፈሻ መባል ያለበት ይህ ነው፤ ሻጮች በግራም የሚያወዳድሩት ቁጥር ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይቀመጥ።

ቀዳዳው እንግዲህ ወሳኝ ነው። ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቀዳዳ እርጥብ አሸዋን በደንብ ይለቃል፣ የአዋቂ ቀለበትንም አያሳልፍም። ረዘም ብለው የተሰነጠቁ ቀዳዳዎች የበለጠ ይፈጥናሉ፤ ነገር ግን ቀጭን ቀለበት በጎኑ ቆሞ ሊሾልክ ስለሚችል ርዝመታቸው ከቀለበቱ ስፋት ማነስ አለበት። የጆሮ ጌጥና ቀጭን ሐብል የሚፈልግ ሰው ከዚያም ያነሰ ቀዳዳ ያስፈልገዋል፣ ዋጋውን ግን በጉልበት ይከፍላል።

የሚሠራበት ብረት ዓይነቱ ብዙ ነው። ስቴንለስ፣ ማለትም ዝገት የሚቋቋመው ብረት፣ በጣም የተለመደው ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው መጠን፣ በ1.5 ሚሊ ላሜራ፣ ቀዳዳው ተቀንሶ ባልዲው (አሸዋ የሚይዘው ክፍል) ብቻ ያለ እጀታ ወደ 1 ኪሎ ይመጣል፤ በ2 ሚሊ ደግሞ ወደ 1.3። አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት ሲሶ ስለሆነ በ2 ሚሊ እንኳን ከግማሽ ኪሎ ያንሳል፤ ጠርዙ ግን ድንጋይ ላይ ቶሎ ይጣመማል። በስቴንለስ ብሎን ከተያያዘና የጨው ውሃ ከገባበት ደግሞ አሉሚኒየሙ በብሎኑ ዙሪያ ይበላል፣ ሁለቱ ብረቶች በጨው ውሃ ውስጥ እንደ ባትሪ ስለሚሠሩ ነው። ታይታኒየም ቀላልም ጠንካራም ነው፣ ጨውም አይደፍረውም፤ ዋጋው ውድ፣ ብየዳውም ከአየር ተከልሎ በአርጎን ጋዝ የሚሠራ ነው። ፕላስቲክ ለደረቅ አሸዋ ብቻ ይበቃል። ያም ሆኖ አንድ መልካም ጎን አለው፦ ያፈሱትን አሸዋ ከነማፈሻው ዲቴክተሩ ላይ ቢያሳልፉት ማፈሻው ራሱ አይጮህም።

ስቴንለስ ሁሉ አንድ አይደለም። 304 የሚባለው 18 በመቶ ክሮምየምና 8 በመቶ ኒኬል ገደማ አለው፤ 316 ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ስለተጨመረበት ለባሕር ጨው ይበልጥ ይጸናል። ብረት ተራ ሲገዙ ማግኔት ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ማግኔቱን አጥብቆ የሚይዝ ስቴንለስ ኒኬል የሌለው ርካሽ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ባሕር ላይ ዝገት ያወጣል። ለላንጋኖ ብቻ ከሆነ ጨዉ እንደ ባሕር ስለማይበዛ 304 ከበቂ በላይ ነው።

ጥንካሬን በተመለከተ ብዙ ሰው የላሜራውን ውፍረት ያያል። ማፈሻ የሚሰበረው ግን ላሜራው መሐል ላይ አይደለም፣ እጀታው ከባልዲው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። አንድ ሜትር የሚያልፍ እጀታ እንደ ረጅም ማንሻ ሆኖ ጉልበቱን ሁሉ እዚያች መጋጠሚያ ላይ ያሳርፋል። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የተበየደ እጀታ በእግር ተረግጦ ሲገፋ ይሰነጠቃል። ጥሩ ሥራ እጀታው የባልዲውን ጀርባ ተከትሎ ወርዶ ሁለት ቦታ ሲያዝ ነው፤ በመካከሉም ሦስት ማዕዘን የሆነ ድጋፍ ቢገባ ይመረጣል። ከኋላ እግር የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ብረት ያስፈልጋል፣ ጠርዙም እግር እንዳይቆርጥ መታጠፍ አለበት። የአፉ ጫፍ ትንሽ ሾጠጥ ቢል ወደ አሸዋው በቀላሉ ይገባል።

እጀታው ራሱ አማራጭ አለው። 1.1 ሜትር የሆነ ባለ 32 ሚሊ፣ 1.5 ሚሊ ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ ከ1.2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ 32 ሚሊ የሆነ የደረቀ የባሕር ዛፍ እንጨት ግማሽ ያህሉ ነው። ውጭ አገር የካርቦን ፋይበር እጀታ ይሸጣል፣ ከሁሉም ይቀልላል። እዚህ ግን ለዶማና ለአካፋ ስንይዘው የኖርነው ባሕር ዛፍ በዘይት ታሽቶ ቢገባ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሲሰበርም በግማሽ ሰዓት ይተካል።

ማሠሪያ ቦታው መርካቶ ነው። ምናለሽ ተራ ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበው ቆርቆሮ፣ በርሜልና ፌሮ ተቀጥቅጦ እንደገና ምድጃና የእጅ መሣሪያ የሚሆንበት ሰፈር ነው። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ናሙና ወይም በወረቀት የተሣለ ቅርጽ ካዩ ላሜራ ጠቅልሎ ባልዲ ማውጣት አያቅታቸውም፤ ይህ ሙያ ከሚሰጠው ክብር በላይ ክብር ይገባዋል። ሁለት ነገር ግን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። አንደኛው ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ሲበየድ የሚቀልጠው ዘንግ ነው፤ ስቴንለስ በተራ ኤሌክትሮድ ከተበየደ ዝገቱ ከብየዳው መሥመር ይጀምራል። ሁለተኛው ዚንክ የተቀባ ላሜራ ነው። ሲበየድ ዚንኩ ተቃጥሎ መከላከያው ይጠፋል፣ ጭሱም በያጁን ያሳምማል፤ ስለዚህ ርካሽ ነው ብሎ ይህን ማዘዝ ለሠሪውም ለገዢውም ጉዳት ነው። ቀዳዳዎቹ በትራፓኖ ከተበሱ በኋላ ስለታቸው ከውስጥም ከውጭም ይጥፋ፣ አለበለዚያ በመዳፍ ጠጠር ሲለቀም ጣት ይቆርጣል።

ሕጉን በተመለከተ፣ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። የጠፋ ቀለበት ፍለጋ ሌላ ነገር ነው፣ ሆኖም መዝናኛ ዳርቻዎች ባለቤት ስላላቸው ማስፈቀድ ይገባል፣ የተቆፈረውም ጉድጓድ ይደፈናል። ከባሕር የተመለሰ ማፈሻ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል።

ሒሳብ ከመክፈል በፊት ማፈሻውን ለመፈተን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሚሠራ ሕንፃ አጠገብ ካለው የግንባታ አሸዋ አንድ ባልዲ ለምኖ ማራስ፣ ቀለበት የሚያህል አንድ ዳዶ ውስጡ መቅበር፣ ከዚያ መዛቅ ነው። በአራት ንቅናቄ አሸዋው ካልረገፈ ቀዳዳ ይጨመር። እጀታው በእግር ሲረገጥ ከተወዛወዘ ወደ ብየዳው ይመለስ፣ ዳዶውም ማፈሻው ውስጥ ካልቀረ ቀዳዳው ሰፍቷል ማለት ነው።