«ማላከክ ከዚህ ወዲያ የለም»፦ ከትሩማን ጠረጴዛ የተነሣ አባባልና ትርጉሙ

የትርጉም ሥራ በጀመርኩበት ዘመን አንድ የውጭ ዜና ተሰጥቶኝ መሐሉ ላይ «ዘ ባክ ስቶፕስ ሂር» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ። ብዙም አላሰብኩበትም። ባክ ማለት በአሜሪካኖች የዘወትር ንግግር ዶላር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ «ዶላሩ እዚህ ይቆማል» ብዬ ጽፌ አስረከብኩ። አርታኢያችን ለአንዲት ቃል ግማሽ ቀን የሚያጠፉ ሽማግሌ ነበሩ። ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩኝና «የትኛው ዶላር ነው ልጄ? ከየት ተነሥቶ ነው እዚህ የሚቆመው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አባባሉ ስለ ገንዘብ አይናገርም። ስለ ጥፋትና ስለ ኃላፊነት ነው። አማርኛ ለዚህ «ማላከክ» የሚል ቁልጭ ያለ ቃል አለው፤ የራስን ጣጣ በሌላው ላይ መለጠፍ። ባለጉዳይ ሆኖ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ «እኔን አይመለከትም፣ መስኮት ቁጥር 4 ይሂዱ» ይላል፤ መስኮት ቁጥር 4 «ኃላፊው ሲመጡ ይመለሱ» ይላል፤ ኃላፊው ደግሞ «ለበላይ አካል ጽፈናል» ይላሉ። የበላይ አካል የሚባለውን ፍጡር በዓይኑ ያየ ባለጉዳይ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ነገሩ እርግጥ አዲስ አይደለም፤ አዳም በሔዋን፣ ሔዋን በእባብ አላከኩ። እባቡ ብቻ የሚያላክክበት አጥቶ ዝም አለ። «ዘ ባክ ስቶፕስ ሂር» የሚለው ሰው፣ ነገሩ ቢያስቅም፣ የእባቡን ቦታ በፈቃዱ የወሰደ ሰው ነው። ሰንሰለቱ እኔ ጋ አለቀ፣ ማላከክ ከዚህ ወዲያ የለም ማለቱ ነው።

ታዲያ «ባክ» ከየት መጣ? በብዛት የሚነገረው መነሻ የቁማር ጠረጴዛ ነው። በአሜሪካ የምዕራብ ጠረፍ ፖከር ሲጫወቱ ካርታውን የሚያድለው ሰው በየተራ ይቀያየር ነበር። ተራው የማን እንደሆነ እንዳይምታታ አንድ ምልክት ፊቱ ይቀመጥለታል፤ ምልክቱ ብዙ ጊዜ እጀታው ከወንድ አጋዘን ቀንድ የተሠራ ቢላዋ ነበር። ወንድ አጋዘን በቋንቋቸው ባክ ይባላል። ማደል የማይፈልግ ተጫዋች ቢላዋውን ወደ ጎረቤቱ ይገፋዋል። «ባኩን አሳለፈ» ማለት ያን ጊዜ ተራውን ማሳለፍ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ኃላፊነትን በሌላው ትከሻ ላይ ማውረድ ማለት ሆነ። እንግዲህ ባኩ የሚቆመው ቢላዋውን ወደ ማንም የማይገፋው ሰው ፊት ነው።

አባባሉን ዓለም እንዲያውቀው ያደረገው ሃሪ ትሩማን ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በኤፕሪል 12 ቀን 1945 ሲሞት ምክትሉ ትሩማን በድንገት ፕሬዚዳንት ሆነ። ፍሬድ ካንፊል የሚባል የሚዙሪ ወዳጁ፣ የፌዴራል ማርሻል የነበረ፣ በኦክላሆማ ኤል ሬኖ የሚገኘውን የፌዴራል ማረሚያ ቤት ሲጎበኝ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይህን ጽሑፍ አየ። «ለፕሬዚዳንቱም አንድ ቢሠራላቸውስ?» ብሎ ጠየቀ። እዚያው ማረሚያ ቤት ተሠርቶ በኦክቶበር 2 ቀን 1945 በፖስታ ተላከ። ከዎልነት እንጨት በተሠራ መቆሚያ ላይ የተተከለ፣ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ ሰሌዳ ነው። የዓለም ኃያል መንግሥት መሪ ስለ ኃላፊነት የሚታወቅበትን ቃል ያገኘው ከእስር ቤት ነው ማለት ነው፤ እኔ ይህን ክፍል ሁልጊዜ እወደዋለሁ። የሰሌዳው ጀርባ ደግሞ «እኔ የሚዙሪ ሰው ነኝ» ይላል። የሚዙሪ ሰው ነኝ ማለት በአሜሪካኖች ዘንድ ካላየሁ አላምንም ማለት ነው፤ እኛ ቶማስን እንደምንጠቅሰው።

እስከዚህ ቀላል ነው። የሚከብደው ሰሌዳው ከተቀመጠበት መንግሥት አሠራር ጋር ሲተያይ ነው። በአሜሪካ ሕገ መንግሥት የጥፋቱ ባክ ፕሬዚዳንቱ ጋ ይቆም ይሆናል፤ ዶላሩ ግን የሚነሣው ከኮንግረስ፣ ማለትም ከተወካዮች ምክር ቤትና ከሴኔት ነው። አንቀጽ 1 ክፍል 9 በሕግ ካልተመደበ በስተቀር ከግምጃ ቤት አንድም ገንዘብ እንደማይወጣ ይደነግጋል። ግብር የሚጥል ረቂቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀርበው በየሁለት ዓመቱ ለሚመረጡት 435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት እንጂ ለሴኔት አይደለም፤ 100ዎቹ ሴናተሮች ለ6 ዓመት ስለሚቀመጡ ከግብር ከፋዩ ቁጣ ትንሽ ይርቃሉ።

ረቂቅ ሕግ እንዴት እንደሚወለድ በቅርብ ያየ ሰው በቀላልነቱ ይገረማል። የተወካዮች ምክር ቤት አባል ረቂቁን ይዞ ይሄድና በመድረኩ አጠገብ ባለች የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይጥለዋል። በቃ። ከዚያ በኋላ ቁጥር ይሰጠውና ወደ ኮሚቴ ይመራል፤ አብዛኛው ረቂቅም እዚያው ኮሚቴ ውስጥ ይቀበራል። የተረፈው በሁለቱም ምክር ቤቶች፣ ቃል በቃል አንድ ሆኖ፣ መጽደቅ አለበት። ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ሲደርስ እሑድን ሳይጨምር 10 ቀን ይሰጠዋል። ከፈረመ ሕግ ሆነ። ካልወደደው ምክንያቱን ጽፎ ይመልሰዋል፤ ቪቶ የሚባለው ይህ ነው። ዝም ካለና ኮንግረስ በሥራ ላይ ከሆነ ያለ ፊርማውም ሕግ ይሆናል። ኮንግረስ ተበትኖ ከሆነ ግን ዝምታው ረቂቁን ይገድለዋል፤ አሜሪካኖች ይህን «የኪስ ቪቶ» ይሉታል፣ ወረቀቱ ኪስ ገብቶ እንደቀረ ቆጥረው። ትሩማን በሁለቱም መንገድ 250 ረቂቆችን ጥሏል፤ 70ዎቹ ኪስ ውስጥ የቀሩ ናቸው።

በጽሑፍ የተመለሰውን ረቂቅ ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካጸደቁት ፕሬዚዳንቱ ወደደም ጠላም ሕግ ይሆናል። ትሩማን ይህ 12 ጊዜ ደርሶበታል። ከ12ቱ አንዱን እኛ ኢትዮጵያውያን ባናውቀውም እሱ ያውቀናል።

በ1952 ኮንግረስ የማካረን-ዋልተር ሕግ የሚባለውን የኢሚግሬሽን ሕግ አጸደቀ። ሕጉ ሰውን በትውልድ አገሩ እየመዘነ ኮታ የሚሰጠውን የቆየ አሠራር ያስቀጥል ነበር፤ ለሰሜንና ምዕራብ አውሮፓ በሩ ሰፊ፣ ለእስያና ለአፍሪካ ግን ጠባብ ነው። ትሩማን በጁን 25 አልፈርምም ብሎ መለሰው። የተወካዮች ምክር ቤት በ278 ለ113፣ ሴኔት በ57 ለ26 ቪቶውን ሻሩት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ነገሩ አለቀ። ልብ በሉ፦ ያ ሰሌዳ ያለው ሰው አልፈልግም ያለውን ሕግ ሊያስፈጽም ተገደደ፤ ሕገ መንግሥቱ ሕጎች በታማኝነት መፈጸማቸውን ይከታተል ይላል እንጂ የወደዳቸውን ሕጎች አይልም።

የነገሩ ጠማማነት ገና ነው። ያው ሕግ ፕሬዚዳንቱ የአገሪቱን ጥቅም ይጎዳሉ ያላቸውን የውጭ ዜጎች እንዳይገቡ በአዋጅ እንዲያግድ ሥልጣን ሰጠው። ትሩማን ያልፈለገው ሕግ ለተተኪዎቹ የሰጠው ስጦታ መሆኑ ነው። የኮታው ክፍል በ1965 ሕግ ተሻረ፤ ይህ ሥልጣን ግን ሳይነካ ቆየ። በ2017 የበርካታ አገሮች ዜጎች እንዳይገቡ ሲታገዱ ፕሬዚዳንቱ የጠቀሰው ይህንኑ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2018 በ5 ለ4 ድምፅ ተቀበለለት። በኤፕሪል 2020 የዲቪ ዕድለኞችን ጭምር በር ላይ ያስቆመው አዋጅም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። ዲቪ ራሱ ደግሞ የኮንግረስ ልጅ ነው፤ በ1990 የወጣው ሕግ በየዓመቱ 55,000 ቪዛ ብሎ ቁጥሩን ቆረጠ፤ ዕጣውን የሚያወጣውና ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው የፕሬዚዳንቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ «ዲቪን ማን ነው የሚያስቀረው?» ብለው ሲደውሉልኝ መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይበቃው ለዚህ ነው። ቁጥሩ የሕግ አውጪው፣ በሩ የሕግ አስፈጻሚው ነው።

ትሩማንን ግን ጻድቅ አላደርገውም። ባለ ሰሌዳው ሰውም አላክኳል፣ ያውም በሚገባ። ኮንግረሱ ከ1946 ምርጫ በኋላ በተቃዋሚዎቹ በሪፐብሊካኖች እጅ ነበር። በ1947 የሠራተኛ ማኅበራትን የሚገድበውን የታፍት-ሃርትሌይ ሕግ ቪቶውን ሽረው አሳለፉበት። በ1948 ምርጫ ሲቀርብና ሁሉም ይሸነፋል ሲለው፣ ኮንግረሱን «ምንም የማይሠራ» እያለ በባቡር አገሩን ዞረ። ከዚያ በፊትም የሚዙሪ ገበሬን ተንኮል ተጠቅሟል። በሚዙሪ አንድ ተረት አለ፤ ዝናብ ኖረም አልኖረ በጁላይ 25 ተርኒፕ ዝራ ይላል፤ ተርኒፕ የጎመን ዘመድ የሆነ ሥራ ሥር ነው። ፕሬዚዳንቱ ኮንግረስን ለአስቸኳይ ስብሰባ የመጥራት ሥልጣን ስላለው፣ ትሩማን አባላቱን ከዕረፍት በዚያው ሰሞን ጠርቶ «ቃል የገባችሁትን እስቲ አጽድቁ» አላቸው። ቀኑ እሑድ ስለሆነ በ26 ተሰበሰቡ። 11 ቀን ተቀምጠው ይህ ነው የሚባል ነገር ሳያወጡ ተበተኑ፤ እሱም የፈለገው ይህንኑ ነበር። ኖቬምበር ላይ አሸነፈ። ቢላዋውን ገፍቶ የኮንግረስ ሕንፃ የሆነው ካፒቶል ደጃፍ አደረሰው ማለት ነው፤ ከፖለቲካ ስልት አንጻር ግሩም ነው፣ ከሰሌዳው ጋር ግን አይሄድም።

ብቻውን መወሰን ሲያስፈልግ ግን ወስኗል። በጁን 1950 ኮንግረስ ጦርነት ሳያውጅ ወታደሮቹን ኮርያ አስገባ። ጦርነት የማወጅ ሥልጣን በአንቀጽ 1 የኮንግረስ ነው፤ ትሩማን ግን ነገሩን የተባበሩት መንግሥታት የፖሊስ ተግባር አለው። የኛ ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮርያ ሲደርስ የሚዋጋው ጦርነት ተብሎ ባልታወጀ ጦርነት ውስጥ ነበር። ኮንግረስ በዚህ ጉዳይ ልጓም የሚሆን ሕግ ያወጣው ከቬትናም በኋላ በ1973 ነው፣ እሱንም የኒክሰንን ቪቶ ሽሮ።

ያ የኮርያ ጦርነት ለትሩማን ሌላ ትምህርት ይዞ መጣ። በኤፕሪል 1952 የብረት ሠራተኞች ሊያድሙ ሲሉ፣ ለጦሩ ብረት ይቋረጣል ብሎ የንግድ ሚኒስትሩን ፋብሪካዎቹን እንዲወርስ አዘዘ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው አለ፤ ሰሌዳው የሚለውን አደረገ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2 ቀን በ6 ለ3 አገደው። ሕግ የማውጣት ሥልጣን የኮንግረስ ነው፣ ኮንግረስ ደግሞ ይህን አልፈቀደም ተባለ። ፋብሪካዎቹን በዚያው ቀን መለሰ። ኃላፊነትን መሸከምና ሥልጣን መያዝ በዚያች አገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቀን አላውቅም።

ሰሌዳው ዛሬ በሚዙሪ፣ ኢንዲፔንደንስ ከተማ በሚገኘው የትሩማን ቤተ መጻሕፍት አለ። አባባሉ ግን ዋሽንግተን ቀርቷል። ኦባማ በጃንዋሪ 2010፣ በገና ዕለት አውሮፕላን ሊያፈነዳ የሞከረውን ሰው የደኅንነት መሥሪያ ቤቶች ቀድመው ባለማስቆማቸው፣ ባኩ እኔ ጋ ይቆማል አለ። ባይደን በኦገስት 2021 ካቡል ስትወድቅ ይህንኑ ደገመ። እኔን የሚያስቀኝ ግን የጃንዋሪ 2019ኙ ነው። ትራምፕ ለድንበር ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀ፣ ኮንግረስ አልመደበም፣ የበጀት ሕጉ ሳይፈረም ቀረና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በከፊል ተዘጉ። ከመዘጋቱ በፊት መንግሥትን ብዘጋ እኮራለሁ፣ እናንተን አልወቅስም ብሎ በካሜራ ፊት ለዴሞክራቶቹ መሪዎች ነግሯቸው ነበር። ሳምንታት አልፈው ጋዜጠኞች ባኩ እርስዎ ጋ ይቆማል ወይ ሲሉት «ባኩ ሁሉም ጋ ይቆማል» አለ።

መዘጋቱ 35 ቀን ቆየ። 800,000 የሚጠጉ የፌዴራል ሠራተኞች ደመወዛቸው ተቋረጠ፤ ገሚሱ ቤቱ ተቀመጠ፣ ገሚሱ ያለ ክፍያ ሠራ። ያን ሰሞን ሽማግሌው አርታኢ ትዝ አሉኝ። ከየት ተነሥቶ ነው የሚቆመው ላሉት ዶላር መልስ አገኘሁለት፤ ከካፒቶል ኮረብታ ተነሥቶ፣ ኋይት ሐውስ ሳይደርስ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ለእነዚያ 35 ቀናት የድሮው ስሕተቴ ትክክለኛ ትርጉም ሆነ።