«ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ»፦ ከጉርሻ እስከ ቅዱስ ቁርባን

ባሕር ዳር ላይ ይህን አነጋገር ለመስማት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጣና ዳር ዓሣ የምትጠብስ ሴት የእህቷን ልጅ ከገጠር አምጥታ፣ አስጠግታ፣ ሙያ አስተማረች እንበል። ልጅቷ የአክስቷን ደንበኞች ይዛ ፊት ለፊቷ ቤት ከፈተች። «ይተዉኝ እስቲ እትዬ፣ ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ!» ትላለች አክስቲቱ ለጎረቤቷ። እትዬም ዝርዝር አይጠይቁም፤ ከንፈር ይመጣሉ።

ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ውለታ የዋልኩለት ሰው በክፉ መለሰልኝ ማለት ነው። ምንጩም ማዕዳችን ነው። ስናጎርስ የምናደርገውን ልብ በሉ። እንጀራው ይቆረሳል፣ ወጡ ይጠቀለልበታል፣ ከዚያ ጣታችን ከነጉርሻው ጥርስ መሃል ይገባል። አውራ ጣት ገፋ ያደርጋል። በዚያች ቅጽበት እጅ ምንም መከላከያ የለውም። ሰው ጣቱን ለማያምነው ጥርስ አይሰጥም። ለዚህ ነው ንክሻው ከሌላ በደል ሁሉ የሚያመው።

ይህ ሕመም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥም አለ። መዝሙረኛው እንጀራዬን የበላ ተረከዙን አነሣብኝ ይላል። ክርስቶስ ደግሞ በመጨረሻው እራት ይህንኑ ቃል ጠቀሰው። አሳልፎ የሚሰጥህ ማን ነው ሲሉት ቁራሽ አጥቅሶ ለይሁዳ ሰጠ (ዮሐንስ 13)። የእኛ አገር ሰው ይህን ሲያነብ ሌላ ነገር አይታየውም፤ ጉርሻ ነው። በሉቃስ ወንጌል ደግሞ አሳልፎ የሚሰጠው እጅ በማዕዱ ላይ አብሮት እንዳለ ይናገራል። ማንን እንደሚያጎርስ ያውቅ ነበር።

ለካቶሊክ አማኝ ያ ማዕድ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በቅዳሴ ኅብስቱና ወይኑ በእውነት የክርስቶስ ሥጋና ደም ይሆናሉ ብሎ ያምናል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤም በ1551 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አጽንቷል። ታዲያ ሊቃውንቱ ጠየቁ፤ ይሁዳ ቆርቦ ነበር? ቅዱስ አውግስጢኖስ ለይሁዳ ተጠቅሶ የተሰጠው ቁራሽ ሥጋው አልነበረም፣ ይሁዳ ግን ቀደም ብሎ ከሌሎቹ ጋር ተቀብሏል ይላል። ቶማስ አኩዊናስም መቁረቡን ይቀበላል። ምክንያቱ ልብ ይነካል፤ ክርስቶስ ስውር ኃጢአተኛን በሰው ፊት ማጋለጥ አልፈለገም። ለእኔ አነጋገራችን እዚህ ላይ ይገለበጣል። እኛ ከተነከስን በኋላ እናማርራለን፤ እሱ እንደሚነከስ እያወቀ አጎረሰ።

ይህ ማለት ግን እንደፈለጉ መቅረብ አይደለም። ከባድ ኃጢአት ያለበት መጀመሪያ ንስሐ ይገባል። ከመቁረቡ በፊት ቢያንስ 1 ሰዓት ይጾማል። ጳውሎስም ሰው ራሱን ይፈትን ብሏል። በሌላ በኩል ቤተ ክርስቲያኗ መራቅንም አትወድም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በ1905 እ.ኤ.አ. ምእመናን አዘውትረው፣ ከተቻለም በየዕለቱ እንዲቆርቡ አበረታተዋል። ቁርባን የሕፃናትና የአረጋውያን ብቻ በሚመስልበት በእኛ አካባቢ ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነው።

የባሕር ዳር-ደሴ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት የተመሠረተው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚከተለውም የግዕዝ ሥርዓትን ነው። በቅዳሴው መሃል ዲያቆኑ ሕዝቡን እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ይላል። ይህ ጥሪ ለነካሹም ለተነካሹም ነው። ወንድሙን ያስቀየመ ሰው መባውን ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ወንጌል ያዛል። የተበደለውም «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ብሎ ሲጸልይ የሚለውን ያውቃል። ዓሣ ጠባሿ ማማረሯ እውነት ነው፤ ተበድላለች። ቂሙን ይዛ ግን ወደ ቁርባን አትሄድም። ልጅቷም እንዲሁ፤ ሽማግሌ ይዛ አክስቷ ደጅ መምጣት አለባት፣ የወሰደችውንም መካስ አለባት።