ስለ ማኅበራዊ ሳይንስ ንድፈ ሐሳቦች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ንድፈ ሐሳብ ያልተረጋገጠ ግምት ነው።»
ያልተረጋገጠው ግምት መላምት ይባላል። ንድፈ ሐሳብ ግን አንድ ነገር ለምን እንደሚሆን የሚያስረዳና መላምቶች የሚመነጩበት ማብራሪያ ነው።

«ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸውን ካሳየን ንድፈ ሐሳብ አለን።»
የነገሮችን ግንኙነት በሣጥኖችና በቀስቶች የሚያሳይ ሥዕል አቅርቦ ቀስቱ ለምን ወደዚያ እንደሚያመለክት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለመጻፍ እጅግ የተለመደ ድክመት ነው። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ካገኙ 54 ሰዎች መካከል ጥቆማውን ከሰጣቸው ሰው ጋር በወቅቱ አዘውትረው ይገናኙ የነበሩት 16.7 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 27.8 በመቶዎቹ ከስንት አንዴ የሚገናኙ ነበሩ። ይህ ብቻውን አስገራሚ ቁጥር ነው። ንድፈ ሐሳብ ያሰኘው ምክንያቱ ነው፤ የቅርብ ወዳጆቻችን እርስ በርስ ስለሚተዋወቁ የሚሰሙት እኛ የሰማነውን ሲሆን፣ የሩቅ ትውውቅ ግን ወደማንደርስበት ክበብ ያሻግረናል። ምክንያቱ ስለታወቀም ከሥራ ፍለጋ አልፎ ስለ ወሬና ስለ አዳዲስ አሠራሮች መስፋፋት መጠየቅ ተቻለ።

«ሁሉን የሚያብራራ ንድፈ ሐሳብ ጠንካራ ነው።»
ከሁሉም አሳሳቹ ይህ ይመስለኛል። የሳይንስ ፈላስፋው ካርል ፖፐር ሁለት ሰዎችን በምሳሌ ያነሣል፤ አንዱ ሕፃንን ለመግደል ውሃ ውስጥ ይገፈትራል፣ ሌላው ሕፃኑን ለማዳን ሕይወቱን ይሰጣል። የሥነ ልቦና ሊቁ የአልፍሬድ አድለር ንድፈ ሐሳብ ሁለቱንም በበታችነት ስሜት ያብራራቸዋል፤ አንዱ ወንጀል ለመፈጸም፣ ሌላው ለማዳን መድፈሩን ለራሱ ሊያረጋግጥ ፈልጎ ነው ይላል። ተቃራኒ ድርጊቶች እኩል ከተስማሙት፣ ስሕተት መሆኑን ሊያሳየን የሚችል ምን ቀረ? ስለዚህ አንድን ንድፈ ሐሳብ ስንመዝን አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ምን ቢታይ እንደሚወድቅ ነው።

«በሁሉም ቦታና ዘመን ካልሠራ ዋጋ የለውም።»
የሚሠራበትን ወሰን በግልጽ ማስቀመጥ ክብሩን አይቀንሰውም። የሶሲዮሎጂ ምሁሩ ሮበርት መርተንም የመከረው፣ ስለ ኅብረተሰብ በጠቅላላ ከሚናገሩ ግዙፍ ሥርዓቶች ይልቅ በመረጃ ሊፈተኑ የሚችሉ መካከለኛ ስፋት ያላቸው ንድፈ ሐሳቦች እንዲገነቡ ነበር።

«ከመረጃው ጋር ከገጠመ ተረጋግጧል።»
መረጃውን አይቶ የተጻፈ ማብራሪያ ከዚያው መረጃ ጋር መግጠሙ አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ሥራ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶች እንደገና ሲሞከሩ፣ ከድግግሞሾቹ ስታቲስቲካዊ ትርጉም ያለው (በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል) ውጤት ያስገኙት 36 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ፈተና የሚባለው ትንበያው አስቀድሞ ተጽፎ፣ ንድፈ ሐሳቡ ሲገነባ ባልታየ መረጃ ሲሞከር ነው።